ባለ 51 ሚሊ ዩኒቨርሳል ማርሚታ ቤት ውስጥ ገጥሜ ሦስት ወር ነዳሁበት፣ ድምፁ ያማረው ስከፍተው ሳይሆን ስዘጋው ነው

ይሄን ሪቪው ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። የመጀመሪያው ቀን ብጽፈው ኖሮ አምስት ኮከብ ሰጥቼ ነበር የምሄደው፣ በሁለተኛው ሳምንት ብጽፈው ደግሞ ከስድብ ሌላ አይወጣኝም ነበር፣ ስለዚ ይቆይ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ነዳሁበት፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ እጄን አቃጠለኝ፣ ጎረቤት አኮረፈኝ፣ አሁን ነው ትንሽ የተረጋጋ ሀሳብ ያለኝ። ረዘም ይላል። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ማርሚታው (የሞተር ሳይክሉ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ያለው የድምፅ ማፈኛ) ራሱ ደህና እቃ ነው፣ አብሮት የሚመጣው መግጠሚያ ቀሽም ነው፣ ድምፁም ከሳጥን እንደወጣ ሳይሆን ከተለፋበት በኋላ ነው የሚያምረው።

ሞተሬ 150 ሲሲ ነው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ፎር ስትሮክ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) ያለው፣ በቃ ተራ ሞተር። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ማርሚታ ከባድ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ድምፁ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ነው። እኔ የፈለኩት ሰፈር የሚያስደነግጥ ጩኸት አልነበረም (እሺ ትንሽ ነበር)፣ ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነበር የፈለኩት፣ ጋዝ ስትሰጠው "ዱ ዱ ዱ" የሚል እንጂ "ጣ ጣ ጣ" የሚል አይደለም። እዚህ ላይ ቀድሜ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው የገባኝ፦ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ምንም ማርሚታ ብትገጥምበት ባለ አራት ሲሊንደር አይሆንም። ፎር ስትሮክ ላይ አንድ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተኩሰው፣ በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ እንኳ በሰከንድ 83 ጊዜ ገደማ ማለት ነው፣ ባለ አራቱ በዛው ዙር 333 ጊዜ ይተኩሳል፣ ያ የሚያፏጨው ቀጭን ዜማ የሚመጣው ከዛ ነው። የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሳይክልም እንደዛው፣ ያ የሚያነክስ የሚመስለው ምት ከቱቦው ሳይሆን ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ቪ ሆነው አንዱ ከሌላው በ315 ዲግሪ ከዛ በ405 ዲግሪ ልዩነት ስለሚተኩሱ ነው። ስለዚ የሌላ ሞተር ድምፅ በቪዲዮ ሰምታችሁ እቃ አትግዙ፣ እኔ እንደዛ ነው ያረኩት።

ከመግዛቴ በፊት የሰራሁትን ጅል ስራ ልናዘዝ። የፋብሪካውን ማርሚታ ጀርባ በትራፓኖ በሳሁት። ባለ 8 ሚሊ ፑንታ፣ ሦስት ቀዳዳ፣ አስር ደቂቃ ያልሞላ ስራ፣ ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚያረገው ምክንያቱም ወጪ የለውም። ድምፁ ጨመረ? አዎ ጨመረ። አማረ? ወይ ፍንክች፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የከተቱ ነው የሚመስለው። ለምን እንደሆነ ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ የፋብሪካ ማርሚታ ብዙ ጊዜ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎች ነው ያሉት፣ ጭሱ ከአንዱ ክፍል ወደሌላው በትናንሽ ቱቦ ሲዞር የድምፁ ሞገድ ግድግዳ እየመታ ተመልሶ ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ የክፍሎቹ ስፋትና የቱቦዎቹ ርዝመት ደግሞ ተለክቶ ነው የተሰራው። አንተ በትራፓኖ ስትበሳው ያንን ልኬት ነው የምታበላሸው፣ በቀዳዳው ቀድሞ የሚያመልጠው ደግሞ ሹል ሹሉ ድምፅ ነው። በዛ ላይ በቀዳዳዎቹ ውሃ ገባ፣ ዝገቱ በሳምንታት ውስጥ ቀዳዳውን አስፍቶ ጠርዙን ቡናማ አረገው፣ በመጨረሻ በያጅ ጋ ወስጄ አስደፈንኩት። አሁን መጋዘን ውስጥ ሦስት ጠባሳ ይዞ ተቀምጧል። አትብሱ። በቃ።

ወደ እቃው ልምጣ። ያዘዝኩት ዩኒቨርሳል ስሊፕ ኦን የሚባለውን ነው፣ ማለት ከኢንጂኑ የሚወጣው ቱቦ ማለትም ሄደሩ እንዳለ ሆኖ ከጫፉ ላይ የሚሰካ ማርሚታ። ሻጩን ስም አልጠራም፣ እቃው ላይ የታተመውንም ስም አልጠራም ምክንያቱም የታዋቂ ብራንድ ስም ነው የተለጠፈበት ግን ያ ብራንድ እንዳልሰራው ሕፃን ልጅም ያውቃል፣ ስቲከሩን በጥፍሬ ስነካው ነው የተላጠው። ሳጥኑ ውስጥ ማርሚታው፣ ዲቢ ኪለር የሚባለው የድምፅ መቀነሻ (ከጀርባ ገብቶ በአንዲት ትንሽ ብሎን የሚታሰር ጠባብ ቱቦ ነው)፣ ሁለት ሞላ፣ አንድ ማሰሪያ ፋሸታ፣ ሦስት ማጥበቢያ ቀለበት፣ ማንጠልጠያ ቀበቶ አለ። መመሪያ ወረቀት የለም። ከውጪ "ካርበን ፋይበር" የተባለው ነገር ስቴንለስ ላይ የታተመ ስዕል ነው፣ ይሄን ግን አልከፋሁበትም፣ ስቴንለሱ ራሱ እውነተኛ ነው፣ ብየዳው ከውጪ ንጹህ ነው፣ ክብደቱም በእጅ ሲያዝ ከፋብሪካው ግማሽ አይሆንም። በጣት ከውስጥ ስትዳስሰው ግን አንድ ቦታ የብየዳ ጉብታ አለ፣ በሞረድ አስተካከልኩት።

አንድ ጥሩ ምክር እዚህ ጋ፦ ስቴንለስ እቃ ከመገጠሙ በፊት በአልኮል ጥርት አርጋችሁ ጥረጉት። የእጅ ቅባት ከቀረበት የመጀመሪያው ሙቀት ያንን የጣት አሻራ ያትመዋል፣ አይወጣም። የኔ ላይ አውራ ጣቴ እስካሁን አለ።

አሁን ችግሩ። "ዩኒቨርሳል" የሚለው ቃል ትልቅ ውሸት ነው። አፉ 51 ሚሊ ነው፣ ብዙዎቹ እንደዚህ አይነት ማርሚታዎች በዚሁ ልክ ነው የሚመጡት፣ ለትላልቅ ሞተሮች የሚሆን። የኔ ሄደር ከውጪ 32 ሚሊ ነው። የመጡት ማጥበቢያ ቀለበቶች ትንሿ 38 ሚሊ ናት፣ ማለት ስድስት ሚሊ ክፍተት ተርፎኝ ቆሜያለሁ። ስለዚ እባካችሁ ከማዘዛችሁ በፊት የሄደራችሁን የውጪ ዲያሜትር በካሊፐር (ውፍረት በሚሊ ክፍልፋይ የሚለካው መሳሪያ) ለኩ፣ በማስመሪያ አይደለም፣ በካሊፐር። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከጉጉት የተነሳ ምን አረኩ መሰላችሁ፣ ከመጠጥ ጣሳ የቆረጥኩት አሉሚኒየም ጠቅልዬ ክፍተቱን ሞላሁት! አውቃለሁ፣ አትሳቁ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ ከዛ በታች ባለው ሙቀትም ይለሰልሳል፣ የጣሳው ደግሞ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ቀን ቆየ። በኋላ ውስጡ 32 ውጪው 38 የሆነ የስቴንለስ ቀለበት በማሽን ያስቆረጥኩት ነው ያዳነኝ፣ ከጠቅላላው ስራ ምርጡ ውሳኔ እሱ ነበር።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ የማርሚታው አፍ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ አይደል፣ ፋሸታው ሲጠብቅ አፉ እንዲጨመቅ የተሰሩ ናቸው። ሄደሩ ከነዚህ ስንጥቆች አልፎ ወደውስጥ ካልገባ ፋሸታውን እስክትበጥሰው ብታጠብቀው ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል። እኔ ርዝመቱ እንዲያምረኝ ብዬ በትንሹ ነበር የሰካሁት፣ ለዛ የከፈልኩትን ወደታች ታነባላችሁ።

የመጀመሪያው ማስነሳት። ዲቢ ኪለሩን አውጥቼ ነበር፣ ያው ሁሉም ሰው እንደሚያረገው። ግቢ ውስጥ ነው ያስነሳሁት፣ በሩ የተከፈተ ቦታ (ዝግ ክፍል ውስጥ ሞተር አታስነሱ፣ ካርበን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይሄን ስናገር አልቀልድም)። እግዚኦ። መስኮት ተንቀጠቀጠ። የእህቴ ልጅ እየሳቀ ጆሮውን ይዞ ወደ ቤት ሮጠ፣ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ፈገግ ብዬ ጋዝ እሰጣለሁ። ከዛ ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ንጉስ ነኝ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፣ በተለይ ዙሩ መሀል ላይ ሆኖ እኩል ፍጥነት ይዤ ስሄድ የሚመጣ አንድ የማያቋርጥ ንዝረት ያለው ድምፅ አለ፣ ጥርስ ላይ ነው የሚሰማው። ስመለስ ጆሮዬ "ጭ" ይላል፣ እስከ ማታ ድረስ። ቁጭ ብዬ ሳስበው እኮ እኔ የፈለኩት ወፍራም ድምፅ እዛ ውስጥ የለም። ጩኸት ነው ያለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስለ ዴሲቤል፣ ማለት ስለ ድምፅ መጠን መለኪያው፣ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም ሰው ቁጥሩን ስለማያውቀው ነው የሚንቀው። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን በግምት እጥፍ አርጎ ነው የሚሰማው፣ 3 ዴሲቤል ሲጨምር ደግሞ የድምፁ ኃይል እጥፍ ሆኗል። ለስራ ቦታ በሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ 100 ላይ ስትደርስ አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። አስራ አምስት! እኔ ግማሽ ሰዓት ነው የነዳሁት። የስልክ አፕ ትክክለኛ መለኪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዙር ከለካችሁ ልዩነቱን ለማየት ይጠቅማል። አለካኩን ከመደበኛው የቁም ምርመራ ነው የወሰድኩት፣ ከማርሚታው አፍ 50 ሴንቲ ርቆ፣ ከጭሱ አቅጣጫ በ45 ዲግሪ ወደጎን (ቀጥታ ጭሱ ውስጥ አታስገቡት ስልኩን)። ዲቢ ኪለሩ ሲገባና ሲወጣ የነበረው ልዩነት ለኔ ከበቂ በላይ ነበር፣ በዛው ማታ መልሼ ከተትኩት።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ፍንዳታ። ጋዙን ስለቀው፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ "ጷ! ጷ ጷ!"። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ የሬስ ሞተር መሰለኝ፣ ለጓደኛዬም ቪዲዮ ልኬያለሁ። ጓደኛዬ መካኒክ ነው፣ "አንተ ልጅ ይሄ እኮ ሬስ አይደለም፣ መጋጠሚያህ አየር እየሳበ ነው" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ሁሌ ወደውጪ የሚገፋ ብቻ አይደለም፣ ሞገድ ስለሆነ በየምቱ መሀል ወደውስጥ የሚስብበት ቅጽበት አለ፣ መጋጠሚያው ካልጠበቀ ያኔ አየር ይገባል፣ ሳይቃጠል ያለፈ ነዳጅ እዛ ያንን አየር ያገኝና በሙቀቱ ይፈነዳል። የሚጮኸው እሱ ነው። ክፍተቱን ለማግኘት የረዳኝ ዘዴ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስቼ ወዲያው በወፍራም ጨርቅ አፉን ለሰከንድ ያህል ጫን፣ "ፍስስ" የሚለውን መስማት። የኔ እዛ ስንጥቆቹ ጋ ነበር፣ ያልኳችሁ ቦታ። ሁለተኛው ደግሞ ሳላስበው የተገኘ፣ ሄደሩ ከኢንጂኑ ራስ ጋ የሚገናኝበት ጋርኒሲዮን፣ ማለት መጋጠሚያውን የሚያሽገው ቀለበት። ስሰራ ሄደሩን ለቀቅ አርጌው ነበር፣ ያ ቀለበት ደግሞ አንዴ ተጨፍልቆ ቦታውን የሚይዝ ነገር ስለሆነ ዳግም አይዘጋም። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ሁለቱን ዳዶ እየተፈራረቅኩ እኩል አጠበቅኩ። እዛ ያሉት የብሎን ዘንጎች ቀጭን ናቸው፣ በኃይል ከጠመዘዛችኋቸው ኢንጂኑ ራስ ውስጥ ተቆርጠው ይቀራሉ፣ ያ ደግሞ ሌላ መከራ ነው።

ይሄን ሁሉ ከዘጋሁ በኋላ ያስነሳሁ ቀን ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። ድምፁ ወፈረ። ምንም አልከፈትኩም እኮ፣ የዘጋሁት ነው። በየመጋጠሚያው የሚያመልጠው "ጭስስ ጣጣጣ" ሲጠፋ ከስሩ የነበረው ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

ታዲያ እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ አይደል፣ አላቆምኩም። ማርሚታውን ከፈትኩት። እንደዚህ ያለው ማርሚታ የጥጥ አይነት ነው፣ መሀል ለመሀል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ያልፋል፣ ዙሪያውን በፋይበር ግላስ ጥጥ ይታሸጋል፣ ድምፁ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ጥጡ ውስጥ ይጠፋል። ጥጥ ደግሞ ቀጫጭኑን ድምፅ ነው በደንብ የሚበላው፣ ወፍራሙን ብዙም አይነካውም፣ ስለዚ ጥሩ የታሸገ ማርሚታ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጥጡ ያለቀበት ደግሞ ይሰነጥቃል። የጀርባውን ክዳን የያዙትን ሪቬቶች በትራፓኖ አንስቼ ክዳኑን ሳወጣ ያየሁት ነገር አናደደኝ። አንዲት ስስ የፋይበር ግላስ ንጣፍ አንዴ ብቻ ተጠቅልላ፣ ከታች በኩል ጭራሽ ባዶ። ከሳጥን እንደወጣ ድምፁ ለምን ቆርቆሮ ቆርቆሮ እንደሚል መልሱ ይኸው።

እንደገና ለማሸግ የማርሚታ ጥጥ ተብሎ የሚሸጠውን ግዙ፣ የቤት ጣሪያ ሙቀት መከላከያ ጥጥ አትጠቀሙ፣ እሱን የያዘው ሙጫ ይቃጠልና ጥጡ በጥቂት ጊዜ በጀርባ በኩል ተነፍቶ ያልቃል። እኔ መጀመሪያ የውስጡን ቱቦ በቀጭን የስቴንለስ ሽቦ ጥጥ አንዴ ጠቀለልኩት፣ የጭሱን ቀጥተኛ ምት እሱ ይቀበላል፣ ከላዩ ፋይበር ግላሱን ደራረብኩ። በጣም አይጠቅጠቅ፣ ጥጡ ውስጥ አየር ካልኖረ ድምፅ አይበላም፣ ሲያዝ ጠበቅ ያለ ትራስ ያህል በቂ ነው። ጓንት፣ ማስክ፣ ረጅም እጅጌ፣ ይሄን አስር ጊዜ ልድገመው፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰርቼ ሁለት ቀን ሙሉ ክንዴን ስፎክት ነው ያደርኩት። ሪቬቱን ደግሞ የስቴንለስ አርጉ፣ የአሉሚኒየሙ ሙቀቱን አይችልም። ሙሉ ስራው አንድ ከሰዓት ፈጀ።

ውጤቱ? ዲቢ ኪለር ገብቶ፣ አዲስ ጥጥ ታሽጎ፣ መጋጠሚያው ተዘግቶ፣ በቃ ያ ነው። ቆሞ ሲነሳ ዝቅ ያለ "ዱብ ዱብ"፣ ጋዝ ስትሰጠው የሚያጉረመርም፣ እኩል ፍጥነት ይዘህ ስትሄድ ደግሞ ዝም የሚል። ከፋብሪካው ይጮኻል፣ ከመጀመሪያው ቀን ግን በጣም ያነሰ ነው፣ እና ከሁለቱም በላይ የሚያምር። ስልኩም የመሰከረው ይሄንኑ ነው።

ስለ ካርቡሬተሩ። ማርሚታ ሲለወጥ ጭሱ ቀለል ብሎ ከወጣ ኢንጂኑ አየር ጨምሮ ይስባል፣ ነዳጁ ያው ከሆነ ድብልቁ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ድብልቅ ደግሞ ኢንጂን ያሞቃል። ዲቢ ኪለሩ ወጥቶ በነበረ ጊዜ ካንዴላውን (ነዳጁን የሚለኩሰውን) ሳወጣው ነጭ ሆኖ ነበር፣ ነጭ ማለት ቀጥኗል፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥቀርሻ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ዋናውን ጂግለር (ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ቁጥር ከፍ አረኩት፣ ተሻለ። ጂግለር ለመቀየር የምታስቡ አንድ ነገር እወቁ፣ ዋናው ጂግለር የሚሰራው ጋዙ ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው፣ መሀሉ የመርፌው ነው፣ መነሻው ደግሞ የትንሿ ጂግለርና የአየር ብሎኗ ነው፣ ስለዚ ቆሞ ሲነሳ ብቻ የሚያስቸግር ሞተር ላይ ዋናውን ጂግለር መቀየር ጭንቅላት ሲያም እግር ማሸት ነው። ዲቢ ኪለሩ ሲመለስና ሁሉም ሲዘጋ ካንዴላው ወደ ጥቁር ሄደብኝ፣ ጂግለሩን ወደነበረበት መለስኩት፣ አሁን ቀለሙ ልክ ነው። ማለት መጨረሻ ላይ ምንም ጂግለር አልቀየርኩም። ልፋቴን ተመልከቱ።

ጉልበት ጨመረ ወይ የምትሉ፣ አልጨመረም። ክብደቱ ቀሏል፣ እሱ ይሰማል። "ባክ ፕሬሸር ያስፈልጋል" የሚለው ወሬም ልክ አይደለም፣ ኢንጂን የጭስ መታፈን አይጠቅመውም፣ የሚጠቅመው ጭሱ በፍጥነት መውጣቱ ነው፣ በጣም ሰፊ ቱቦ ስትገጥም ጭሱ ይዘገይና ከታች ዙር ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ሰው ያንን ሲያይ ነው "መታፈን ጎደለው" የሚለው።

የደረሰብኝ ሌላው ነገር፣ ዲቢ ኪለሩን የምትይዘዋ ብሎን በንዝረት ተፈታ፣ ዲቢ ኪለሩ እየነዳሁ ከጀርባ ተተኩሶ ወጣ። ከኋላዬ ሰው አልነበረም እንጂ ትኩስ ብረት ነው እኮ! የብሎን ማጣበቂያ ሞክሬ ነበር፣ የተለመደው አይነት ለዚህ ሙቀት አልተሰራም፣ ይለቃል። አሁን ብሎኗን በስቴንለስ ሽቦ አስሬያታለሁ፣ ጭንቅላቷን በስቶ ሽቦ አሳልፎ ማሰር ነው። አብሮ የመጣው ማንጠልጠያ ቀበቶም በአንድ ወር ውስጥ ተሰነጠቀ፣ ከወፍራም ላሜራ ሰርቼ፣ መሀል ላይ ጎማ ከትቼ ቀየርኩት፣ ጎማ ከሌለው ንዝረቱ ሌላውንም ይሰነጥቀዋል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሁለት ሰው ሞተሩ ላይ አስቀምጡና ጎማው ወደላይ ሲመጣ ማርሚታው ምን እንደሚነካ እዩ፣ የኔ የኋላ ፍሬቻውን ሽቦ ሊልሰው አንድ ጣት ቀርቶት ነበር።

ይሄ ሁሉ ለፎር ስትሮክ ካርቡሬተር ሞተር ነው። ቱ ስትሮክ ያላችሁ ቱቦውን አትንኩት፣ የሚወፍረው የሚቀጥነው ቅርጽ ለውበት አይደለም፣ ሞገዱን በጊዜው መልሶ አዲሱ ድብልቅ እንዳያመልጥ ወደ ሲሊንደር የሚገፋው እሱ ነው፣ በ1950ዎቹ ኤምዜድ የተባለው የምሥራቅ ጀርመን ሞተር ፋብሪካ ኢንጂነር ዋልተር ካደን ያንን ቅርጽ አሻሽሎ ነው ትንንሽ ሞተሮችን ያበረራቸው፣ እዛ ላይ መጋዝ ማሳረፍ የኢንጂኑን ግማሽ መጣል ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው ደግሞ ሄደሩ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አለ፣ ከሱ በፊት ክፍተት ከኖረ ሴንሰሩ አየሩን አይቶ ድብልቁ ቀጥኗል ይላል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ካታሊስት (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል) ካለው አትቁረጡት፣ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየም፣ ሮዲየም ነው፣ ማውጣቱ በብዙ ቦታ በሕግ ያስጠይቃል፣ ለድምፅም የሚያመጣው ጥቅም ጩኸት ብቻ ነው። ሕግ ካነሳሁ፣ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 41 አዲስ ሞተሮች እየተነዱ ሲለኩ ጉልበታቸው ከክብደታቸው ጋ ተነጻጽሮ 73፣ 74 ወይ 77 ዴሲቤል ነው ጣሪያው፣ የየአገሩን እናንተ እዩ፣ እነዚህ ዩኒቨርሳሎች ላይ የማረጋገጫ ማህተም ፈልጌ አላገኘሁም። ብየዳ የምታስነኩ ባትሪውን ፍቱ፣ ጋልቫናይዝድ ቱቦ አታስበይዱ፣ የዚንኩ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል።

ኮከብ ከተባለ፦ ለብረቱ አራት፣ ለመግጠሚያው አንድ፣ ለጥጡ ዜሮ። እንዳለ ገጥሞ መንዳት ለሚፈልግ ሰው አልመክርም፣ ለሞተሩ የተሰራ ማርሚታ ይግዛ። ቅዳሜውን ማጥፋት ለሚወድ እንደኔ ላለ ሰው ግን ደህና መነሻ ነው። ባለፈው ሳምንት ያኔ ያኮረፉኝ ጎረቤቴ በር ላይ አገኙኝና "ሞተርህን ሸጥከው እንዴ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት አልሰማህም" አሉኝ፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ በዛችው ሰዓት ነው በበራቸው የማልፈው።